«በአንድ ሰዓት ውስጥ» የሚለው መመዘኛ ምን ይነግረናል?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጧቸው፣ ጡት ማጥባትን የሚደግፉ አሥር እርምጃዎች የማዋለጃ ተቋማትን አሠራር በእጅጉ እንደ ለወጡ አይካድም። በቀድሞው ጽሑፍ አራተኛው እርምጃ፣ እናቶች በወለዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማጥባት እንዲጀምሩ መርዳትን ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በተሻሻለው ግን ቅድሚያ የተሰጠው ጨቅላው ወዲያውኑ በእናቱ ገላ ላይ እንዲተኛና እንዳይነጠል ሲሆን፣ ማጥባቱ «በተቻለ ፍጥነት» ይጀመር ይላል። የቃላት ለውጥ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ በእኔ ግምት ግን ከማሻሻያው ሁሉ የላቀው ይኸው ነው።

በብዙ ማዋለጃ ክፍሎች የምንቆጥረው ግን አሁንም ሰዓቱን ነው። አዋላጅ ነርሷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ሕፃኑን ታነሣዋለች፤ ይመዘናል፣ የዓይን ቅባትና ቫይታሚን ኬ ይሰጠዋል፣ ይጠቀለላል። ከዚያም ሰዓቱ እንዳያልፍ በጥድፊያ ጭንቅላቱ ተይዞ ወደ ጡት ይገፋል። ጭንቅላቱን የተገፋ ጨቅላ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ያለቅሳል፤ እናቲቱም «እምቢ አለኝ» ትላለች። በመዝገቡ ላይ ግን «ጠብቷል» የሚለው ምልክት ይደረግበታል።

መመሪያው የሚጠይቀው ሌላ ነው። የደረቀውና የተሸፈነው ጨቅላ በእናቱ ደረት ላይ ሲተው ቀስ በቀስ ራሱ ጡቱን ይፈልጋል፤ ይህም አንድ ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። ሚዛኑም መርፌውም እስኪጠባ ይጠብቃሉ። የአዋላጇ ድርሻ ሕፃኑን ከትከሻውና ከጀርባው ደግፎ መያዝን ማሳየት፣ አፉን በሰፊው እስኪከፍት መታገሥ፣ አገጩ ጡቱን መንካቱን፣ የታች ከንፈሩም ወደ ውጭ መገልበጡን ማየት ነው። ሕመሙ ካልተዋት አያያዙ ትክክል አይደለም፤ በአፉ ጥግ ጣት አስገብቶ ማላቀቅና እንደገና መጀመር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው 73 በመቶ የሚሆኑ ሕፃናት በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጥባት ጀምረዋል፤ ከስድስት ወር በታች ካሉት መካከል የእናት ጡት ወተት ብቻ ያገኙት ግን 58 በመቶ ናቸው። ሁለቱ አኃዞች በቀጥታ አይነጻጸሩም፤ የፊተኛውም በእናቶች ትውስታ ላይ የተመሠረተ ነው። ሕፃኑ በዚያ ሰዓት በደንብ ይዞ ይዋጥ፣ አይዋጥ ግን አይነግረንም።

አሥሩ እርምጃዎች አንድ ጉድለት አላቸው፤ አራሷን ብቻዋን እንዳለች አድርገው ያያሉ። በእኛ ዘንድ ከአልጋው አጠገብ አያት አለች። ቢጫና ወፈር ያለውን እንገር «የቆየ ወተት ነው» ብላ ልታሳልበው፣ ጉሮሮው እንዲለሰልስም ቅቤ ልታስልሰው ትችላለች። አያቲቱን መገሠጽ ቅቤው ቤት እስኪገቡ በጓዝ ውስጥ እንዲቆይ ከማድረግ በቀር ፋይዳ የለውም። «እማማ፣ ጠጋ ይበሉ፤ ሲውጥ ይዩት» ማለቱ ይሻላል። ወተቱ በብዛት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ቀን በኋላ በመሆኑ፣ አራሷ «ወተት የለኝም» ብላ በምትሠጋበት ጊዜ አጠገቧ የምትገኘው እኛ ሳንሆን አያቲቱ ናት።

ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ከሰዓቱ ጎን አንድ ዓምድ እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ይኸውም እናቲቱ ከመሰናበቷ በፊት አንድ ሙሉ ማጥባት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተመለከተው ባለሙያ ስም የሚጻፍበት ነው።