ዕውቀትና ርኅራኄ በከብት ሐኪሙ መጽሐፍ

ጄምስ ሄሪዮት በሚባል የብዕር ስም የታወቀው እንግሊዛዊ የከብት ሐኪም እውነተኛ ስሙ ጄምስ አልፍሬድ ዋይት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. በግላስጎ የእንስሳት ሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ፤ በ1940 ዓ.ም. በዮርክሻየር ወደሚገኘው ወደ ተርስክ ከተማ ሄዶ ዕድሜውን በዚሁ ሥራ አሳለፈ። የመጀመሪያውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1970 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. ሁለቱ ፊተኞች መጻሕፍቱ በአሜሪካ ባንድነት ሲታተሙ «ታላላቅና ታናናሽ ፍጥረታት ሁሉ» የሚል ስም ተሰጣቸው፤ ይህም ስም ሲሲል ፍራንሲስ አሌክሳንደር የተባለችው እመቤት በ1848 ዓ.ም. ለሕፃናት ካሳተመችው መዝሙር የተወሰደ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሌሊት በከብት በረት ውስጥ ነው። ወጣቱ ሐኪም ልብሱን አውልቆ በድንጋዩ ወለል ላይ ተጋድሞ ምጥ የጠናባትን ላም ሲያዋልድ፤ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ያየው ሥዕል ይህን ሁሉ ድካም እንዳላሳየው ይገነዘባል። በአጠገቡ የቆመው የገበሬው አጎት ደግሞ የሌላውን ሐኪም ብልሃት እያነሣ ያሳፍረዋል። ጥጃው በሕይወት ተወልዶ እናቲቱ ስትልሰው ግን ድካሙ ሁሉ ይረሳል። ደራሲው ከሰው አስቀድሞ በራሱ መሳቁ፤ ዕውቀቱም ከትሕትና ጋራ ማደጉ የመጽሐፉ ዋና ውበት ነው።

ዘመኑ ፔኒሲሊን ገና ወደ ከብት ሐኪም እጅ ያልደረሰበት ስለ ሆነ፤ የዛሬውን ክትባትና መድኃኒት የሚያውቅ አንባቢ የሕክምናው ጥበብ ምን ያህል እንደ ገፋ ያስተውላል። ነገር ግን ደራሲው ፈውስን ሁሉ ለመድኃኒት አይሰጥም። ትሪኪ ዉ የተባለው የባለጠጋ እመቤት ውሻ በጣፋጭ ምግብ ብዛት ታሞ በመጣ ጊዜ ያዳነው መድኃኒት አይደለም፤ ሁለት ቀን ከምግብ ተከልክሎ ውሃ ብቻ መጠጣቱ፤ ከዚያም ከሌሎች ውሾች ጋራ መሮጡ ነው። እመቤቲቱ ለበሽተኛው ብላ የላከችውን እንቍላልና ወይን ሐኪሞቹ መጨረሳቸው ያስቃል፤ የጾምን ጥቅም ለሚያውቅ ሰውም ፈውሱ እንግዳ አይሆንበትም።

ምርመራ የሚያስፈልገው ግን ስለ ሚስ ስተብስ የተጻፈው ምዕራፍ ነው። እኒህ ድኻ አሮጊት ከአልጋቸው ሳይነሡ ከውሾቻቸውና ከድመቶቻቸው ጋራ የሚኖሩ ናቸው። ሞትን አይፈሩም፤ የሚፈሩት እንስሳት ነፍስ የላቸውም ስለሚባል ከነሱ ለዘላለም መለየትን ነው። ሐኪሙም ወደሚሄዱበት ሁሉ እንስሳቱ አብረዋቸው እንደሚሄዱ ያረጋግጥላቸዋል፤ የከብት ሐኪሞች ስለ እንስሳት ነፍስ እንደሚማሩም ይነግራቸዋል።

በበረቱ ውስጥ አለማወቁን ያልሸሸገው ሰው በአሮጊቷ አልጋ አጠገብ ትምህርት ቤት ያላስተማረውን ተምሬአለሁ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሰውን ነባቢት ነፍስ ከእንስሳት ደመ ነፍስ ለይተው ስለሚያስተምሩ፤ ቃሉ ከርኅራኄ የወጣ ቢሆንም ከዕውቀት የወጣ አይደለም። ፈጣሪ የፈጠረውን እንደማይረሳ ብቻ ቢነግራቸው ኖሮ እውነትን ሳይለቅ ባጽናናቸው ነበር።

ቢሆንም ምዕራፉ ተነቅፎ የሚጣል አይደለም። አሮጊቷ የልባቸውን ጥያቄ ያወጡት ለካህን ሳይሆን ለውሾቻቸው ሐኪም ነው፤ በዚያች ሰዓት ከአልጋቸው አጠገብ የተገኘው እርሱ ነበረና። የሰውን ነፍስ ለመጠበቅ የተሾሙ ሁሉ ይህን ምዕራፍ ማንበብ የሚገባቸውም ስለዚህ ነው።