ስለ ኒዢንስኪ ውዝዋዜ ሁለት ማስረጃዎች

የአውሮፓን ባሌ የሚመረምሩ ጸሐፍት ከቅርብ ዐሠርት ዓመታት ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ፤ ይኸውም በኅብረተሰቡ ዘንድ የተነወረው የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በመድረክ ላይ ምን ዓይነት ውበት ፈጠረ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከመድረክ ሳይሆን ከመኝታ ቤት ሲፈለግ ይታያል።

ቫስላቭ ኒዢንስኪን እንውሰድ። የባሌ ሩስ ቡድን መሪ ሰርጌይ ዲያጊሌቭ ፍቅረኛው እንደ ነበረ፣ በ1913 (እ.ኤ.አ.) ቦነስ አይረስ ላይ ሮሞላ ደ ፑልስኪን ሲያገባም ከቡድኑ እንደ ተባረረ የታወቀ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ፓሪስ ላይ የታየው፣ ደቡሲ ሙዚቃውን የደረሰለት «ጨዋታዎች»፣ የጠፋ የቴኒስ ኳስ ፍለጋ በምሽት ከአትክልት ቦታ የገቡ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ሲሽኮረመሙ ያሳያል። ኒዢንስኪ ግን በ1919 በጻፈው የግል ማስታወሻ ሁለቱ ሴቶች በሁለት ወንዶች ቦታ የቆሙ መሆናቸውን ይገልጻል። ባለ ቅኔ ወርቁን በሰም የሚሸፍነው ሰሚው እንዲፈታው ነው፤ እዚህ ግን ወርቁ የተቀበረው ማንም እንዳያገኘው ነበር።

ብዙዎች በዚህ ረክተው ያቆማሉ። እኔም ረጅም ጊዜ እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ማስታወሻው የተጻፈው የአእምሮ ሕመም በበረታበት ወቅት ነው፤ ሮሞላም በ1936 ስታሳትመው ፍትወትን የሚመለከቱ ብዙ ክፍሎችን ቈርጣ አውጥታለች፤ ሙሉው ጽሑፍ በፈረንሳይኛ የወጣው በ1995 ነው። የ«ጨዋታዎች» የውዝዋዜ ቅንብር ደግሞ ጠፍቷል። እንግዲህ በእጃችን ያለው ኑዛዜ እንጂ ውዝዋዜ አይደለም።

ውዝዋዜውን የምናገኘው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሻትሌ ቲያትር በታየው «የፎን ከሰዓት በኋላ» ውስጥ ነው። ኒዢንስኪ ይህን ሥራ በ1915 በራሱ የምልክት ጽሕፈት አስፍሮታል፤ አን ሀቺንሰን ጌስትና ክላውዲያ የሽከም ፈትተው በ1991 አሳትመውታል። በዝላዩ ዓለምን ያስደነቀው ሰው እዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ይዘላል። ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነው ፎን፣ በጥንት ግሪክ የሸክላ ዕቃ ላይ እንደ ተሣለ ምስል፣ ገላውን ለተመልካች በጎን እያሳየ በቀጥታ መስመር ይራመዳል። በዘመኑ የፓሪስ ባሌ በአመዛኙ የሚደነቀውና የሚፈለገው የሴቷ አካል ሲሆን ወንዱ ደጋፊዋ ነበር፤ አሁን ግን ዐይን የሚያርፈው በወንዱ ላይ ነው። የደን ልጃገረዲቱ ትሸሻለች፤ እሱም በተወችው መሸፈኛ ላይ ተጋድሞ ምኞቱን ብቻውን ይፈጽማል።

የ«ፊጋሮ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ጋስቶን ካልሜት በማግስቱ ያወገዘው ይህንኑ እንቅስቃሴ ነበር። ስለ ዲያጊሌቭና ስለ ኒዢንስኪ መኖሪያ ማውሳት አላስፈለገውም። ቀራፂው ኦጉስት ሮዳን ስሙን ሰጥቶ ለሥራው ሲሟገት ደግሞ፣ ካልሜት ፊቱን አዙሮ የሮዳንን የራቁት ንድፎች ማውገዝ ያዘ።