ሳባን ፍለጋ፦ ከዱንጉር ፍርስራሽ እስከ ሎጎ ሐይቅ ደለል

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 የጀርመኑ ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ አንድ መግለጫ አወጣ። በፕሮፌሰር ሔልሙት ዚገርት የሚመራ ቡድን አክሱም ላይ፣ ዱንጉር ከሚባለው ፍርስራሽ ሥር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የንግሥተ ሳባን ቤተ መንግሥት ማግኘቱን የሚያበሥር ነበር። ሕንፃው ፊቱን ወደ ሲርየስ ኮከብ አዙሯል፤ ታቦተ ጽዮንም ለረጅም ዘመን እዚያው ሳይቀመጥ አልቀረም ተባለ። ዜናው በጥቂት ቀናት ዓለምን አዳረሰ። በአክሱም ጥናት የቆዩት ምሁራን ግን አልተቀበሉትም፤ ምክንያታቸውም ሩቅ የሚያስኬድ አይደለም።

ዱንጉርን ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቆፈረው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከአፈር ያወጣው ደረጃ ደረጃ እየሠራ ወደ ውስጥ የሚሸሽ የድንጋይ ግንብ፣ ዙሪያውን በብዙ ክፍሎች የታጠረ፣ መሀሉ ላይ ከፍ ያለ ዋና ቤት የቆመበት የባለጸጋ መኖሪያ ነው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ወደ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። በሰሎሞንና በዚህ ግንብ መካከል 1500 ዓመት ገደማ አለ። ያን ያህል ክፍተት በኮከብ አይሞላም። የአገሩ ሰው ፍርስራሹን የንግሥተ ሳባ ቤት ብሎ ቢጠራው መብቱ ነው፤ ትውፊት ቦታን የሚሰይመው በዚህ መንገድ ነውና። ዩኒቨርሲቲ በደብዳቤ ራስጌው ላይ ይህንኑ ሲያትመው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህን የምጽፈው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ካለችው ውርጌሳ ሆኜ ነው። ወደ ላሊበላና ወደ አክሱም የሚሄደው መንገደኛ ስንት ዘመን በዚህች ከተማ በኩል አልፏል፤ ቅርስ ፈላጊውም አብሮ ያልፋል። ለቅዱሱ ታሪክ ምስክር የሚፈለገው ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ ሰሜን ነው። የእኔ ክርክር ፍለጋው አቅጣጫም ዘመንም ስቷል የሚል ነው። የሳባና የሰሎሞን ታሪክ በኢትዮጵያ እንዴት የመንግሥትና የእምነት ምሰሶ ሆነ የሚለው ጥያቄ በአካፋ ሊመረመር የሚችል ጥያቄ ነው፤ አብዛኛው መልሱ ያለውም በመካከለኛው ዘመን አፈር ውስጥ፣ ከዚያም ብዙው በወሎና በሸዋ ነው።

በመጀመሪያ ቅዱሱን ታሪክ በአካፋ የመመርመሩ ክርክር በትውልድ አገሩ የት እንደ ደረሰ ማየት ይጠቅማል። በእስራኤል ምድር መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ እጅ፣ አካፋን በሌላ እጅ ይዞ መቆፈር ለመቶ ዓመት ያህል የተለመደ ነበር። ይጋኤል ያዲን በሐጾር፣ በመጊዶና በጌዝር የተገኙትን ተመሳሳይ በሮች የሰሎሞን ሥራ ናቸው አለ፤ መሠረቱም በነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 9 ሦስቱ ከተሞች አብረው መጠቀሳቸው ነበር። እስራኤል ፊንከልስታይን በ1990ዎቹ ተነሥቶ የሸክላውን ዘመን ወደ ታች ሲያወርደው በሮቹ ከሰሎሞን እጅ ወጥተው የ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሥታት ሆኑ። አሚሃይ ማዛር ተከራከረው፤ ነገሩ ዛሬም አልተቋጨም። በሌላ በኩል በ1993 ቴል ዳን ላይ «የዳዊት ቤት» የሚል የአራማይክ ጽሑፍ ሲገኝ ዳዊት ፈጽሞ አልነበረም የሚሉት ወገኖች ማፈግፈግ ግድ ሆነባቸው። ሁለቱም ወገን የተፈተነው በዝርዝር ነገር ነው፤ አንዱ በሸክላ ስባሪ፣ ሌላው በተሰበረ ድንጋይ።

የእኛው ክርክር እዚህ ዝርዝር ላይ እምብዛም አልደረሰም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው አንደኛ ሺህ ዓመት በሰሜን ኢትዮጵያና በደቡብ ዐረብ መካከል የጠበቀ ግንኙነት እንደነበረ ማንም አይክድም። የሐ ላይ የቆመው ታላቁ ቤተ መቅደስ ወደ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይመደባል፤ ውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ የተገኘው መሠዊያ ለሳባውያን አምላክ ለአልመቃህ የተሰጠ ነው። በዚያ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረው የዲዓማት መንግሥት ነገሥታት ራሳቸውን የዲዓማትና የሳባ ገዥዎች ብለው ጽፈዋል፤ አንዳንዶቹ ጽሑፎችም ከንጉሡ ጎን ንግሥቲቱን ይጠራሉ። ምሥራቅ ትግራይ ውስጥ መዝበር ላይ የተካሄደው ቁፋሮ ደግሞ ከሰሎሞን ዘመን ቀድሞ የሰፈረ የገበሬ መንደር አሳይቷል። ሰሎሞን ነገሠ በሚባልበት ጊዜ አገሩ ባዶ አልነበረም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሰብስቦ «እንግዲህ ንግሥተ ሳባ ተገኘች» ማለት ግን ዘሎ መድረስ ነው። የዲዓማት ጽሑፎች ከሰሎሞን ቢያንስ ሁለት መቶ ዓመት ይርቃሉ፤ ከቀይ ባሕር ማዶ የተገኙት የሳባ ጽሑፎችም በስሟ የነገሠች የሳባ ንግሥት አላሳዩንም። የመኖች ማሪብ ላይ ያለውን የአልመቃህ መቅደስ ንግሥተ ሳባን በሚጠሩበት ስም ማሕረም ቢልቂስ ይሉታል፤ የዌንዴል ፊሊፕስ ቡድን በ1951 እና በ1952 ቆፍሮት ቢልቂስን አላገኘም። የእኛ ዱንጉርና የእነሱ ማሕረም አንድ ዓይነት ምስክሮች ናቸው። ስም አላቸው፤ ስሙን የሚደግፍ ጽሑፍ የላቸውም። ታሪኩ ፈጽሞ የማይመስል ነው የሚለውም ወገን እጁን መሰብሰብ አለበት። የአሦር ንጉሥ ሣልሳዊ ቴልጌልቴልፌልሶር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘቢቤና ሳምሲ ከሚባሉ የዐረብ ንግሥቶች ግብር ተቀብያለሁ ብሎ አስጽፏል። በዚያ አካባቢ ሴት ትነግሥ ነበር፤ ግመል ጭና ወደ ሰሜን መሄዷም እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚህ በላይ ማስረጃው አያስኬድም።

ስለ ታቦተ ጽዮን የምለው አጭር ነው። ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ በ1941 አክሱም ገብቼ አይቻለሁ፤ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ባዶ ሣጥን ነው ብለው በ1992 ለአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ግራሃም ሃንኮክ እውነተኛው ታቦት እዚያው አለ የሚል ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። የመጀመሪያው አየሁ ያሉትን ሌላ ሰው ደግሞ ሊያየው አይችልም፤ ሁለተኛው ሳያይ አመነ። ሁለቱም የአርኪዮሎጂ ማስረጃ አይደሉም። ቤተ ክርስቲያኒቱ አላስመረምርም ካለች ነገሩ የእምነት ሆኖ ይኖራል፤ ተመራማሪም ያልተከፈተን በር አልከፈታችሁም ብሎ መደምደሚያ ሊያወጣበት አይገባም።

ወደ ወሎ እንምጣ። ከውርጌሳ የሚሌን ወንዝ ተሻግረው ውጫሌን አልፈው ወደ ደቡብ ቢወርዱ ሎጎ ሐይቅ ይደርሳሉ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያቀኑት ገዳመ እስጢፋኖስ ያለው እዚያ ነው። ትውፊት ይኩኖ አምላክን በ1270 ለዙፋን ያበቁት እሳቸው ናቸው ይላል፤ «የሰሎሞን ሥርወ መንግሥት ተመለሰ» የሚለው ታሪክም ከዚህ ይነሣል። ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፋቸው ይህን ትውፊት በጥንቃቄ ነው የያዙት። ትውፊቱ ኋላ የተጻፈ ቢሆንም የዘመኑ ቁሳዊ ምስክር ጨርሶ አልጠፋም። ላስታ ውስጥ ገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ የይኩኖ አምላክ ሥዕል ከነጽሑፉ ዛሬም አለ። የሐይቁ ገዳምም በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈውን ወንጌለ ኢየሱስ ሞዓን አቆይቶልናል። ለዳዊትና ለሰሎሞን የዚህን ያህል ቅርብ ምስክር እስራኤል ምድር ላይ ቢገኝ ስንት ጉባኤ በተጠራ!

ክብረ ነገሥትም ቢሆን ቤተ መንግሥቱ ለራሱ ያስጻፈው ተረት ነው ተብሎ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የመጽሐፉ መደምደሚያ እንደሚናገረው የአክሱሙ ይስሐቅና ጓደኞቹ ያዘጋጁት በእንደርታው ገዥ በያዕቢከ እግዚእ ዘመን ነው። ይህ ገዥ በኋላ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ላይ ሸፈተና ተሸነፈ። የሰሎሞንን ዘር የሚያከብረው መጽሐፍ መጀመሪያ የተዘጋጀው ንጉሡን በተፃረረ ጌታ ግዛት ውስጥ ነው ማለት ነው። ከዚያም በፊት፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ አቡ አል መካሪም የተባለው የግብፅ ክርስቲያን ጸሐፊ የሐበሻ ሰዎች ታቦተ ሕጉ እኛ ዘንድ ነው እንደሚሉ መዝግቧል። ያ ጊዜ የዛጉዌ ነው። ስለዚህ ወሬው ከ1270 ይቀድማል። ወደ ኋላ ስንገፋው ግን ይቋረጣል፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ዒዛና ክርስትናን ሳይቀበል ባስጻፋቸው ድንጋዮች ላይ ራሱን ማሕረም የተባለው አምላክ ልጅ ይላል እንጂ የሰሎሞን አይልም። በዒዛናና በአቡ አል መካሪም መካከል ባሉት ስምንት መቶ ዓመታት አንድ ነገር ተለውጧል። አርኪዮሎጂ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ለውጥ የት፣ መቼና በማን መካከል እንደሆነ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሎጎ ሐይቅ ራሱ መልስ መስጠት ጀምሯል። ኢየን ዳርቢሸር፣ ሄንሪ ላምብና መሐመድ ዑመር በ2003 ያሳተሙት ጥናት ከሎጎና ከአርዲቦ ሐይቆች ወለል በቱቦ በወጣ ደለል ላይ የተሠራ ነው። ደለሉ ዓመት በዓመት እየተደራረበ፣ ፖለን የሚባለውን የአበባ ብናኝና የከሰል ቅንጣት እየያዘ የ3000 ዓመት ታሪክ አስቀምጧል። ከታች ያለው ንጣፍ ዝግባና ጥድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ደኑ ተመነጠረ፤ ክትክታና ሣር ተተካበት፤ እንዲሁ ሆኖ 1800 ዓመት ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥድና ወይራ ተመልሰው አበቡ። ከዚያ ወዲህ እንደገና ተጨፈጨፈ፤ አፈሩም ታጠበ። ሰሎሞን ነገሠ በሚባልበት ዘመን እንግዲህ እነዚህ ሐይቆች ዙሪያ ገና ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር። የመጀመሪያው ምንጠራ በዲዓማት ዘመን አካባቢ መውደቁ ከሰሜን የመጣ ገበሬ ነው ወይስ የአገሩ ሰው ራሱ የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ጥዱ የተመለሰበት ዘመን ደግሞ የ16ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነትና የሕዝብ እንቅስቃሴ በመሀሉ ይዟል። የዝናብ መብዛት ነው ወይስ የሰው ማነስ? በደለል ብቻ አይፈታም፤ መንደር መቆፈር አለበት።

የጽሑፍና የአፈር ግጥምጥም የሚፈተንበት ሌላም ቦታ አለ። ዐፄ ናዖድ ጀምረው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት የወሎው መካነ ሥላሴ በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር መቃጠሉን የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ጽፏል። ቃጠሎ ከሰል ይተዋል፤ የከሰሉ ዕድሜ በራዲዮካርቦን ይለካል። መንዝ ውስጥ መሻላ ማርያም ላይ ማሪ ሎር ዴራ እና አን ማሪ ዡካን የቆፈሩት የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ይህ ሥራ እንደሚቻል አሳይቷል። በዚያው በመንዝና በአካባቢው የሻይ ባህል የተባለው ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆየ የመቃብር ሥርዓት ተገኝቷል፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልነበሩ ሰዎች ያቆዩት ነው። የክብረ ነገሥት አዘጋጆች ብዕራቸውን ሲይዙ እነዚህ ሰዎች ሙታናቸውን በዕቃና በጌጥ ይቀብሩ ነበር። መጽሐፉ ስለ እነሱ አይነግረንም። መቃብራቸው ግን ይናገራል።

በዚህ በኩል አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ውርጌሳን አልፎ ወደ አፋር የሚወርደው ሚሌ ወራንሶ ሚሌ ላይ ሲደርስ፣ በዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የሚመራው ቡድን በ2016 ያገኘውን የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል የሰጠን ወንዝ ነው። የዚያን የራስ ቅል ዕድሜ ያለ ብዙ ሙግት የሚቀበል ሰው የ700 ዓመት ታሪክ ሲሆን ማስረጃ መጠየቅን እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። ሌላው ደግሞ ለገድል አንዲት መስመር ዋጋ ሳይሰጥ ለጋዜጣ ዜና ሙሉ እምነቱን ይሰጣል። ሁለቱም ልማድ ለጥናት አይበጅም።

ውርጌሳ ያለችበት የሐብሩ ወረዳ ጉዳይ ግን ተግባራዊ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2021 መርሳንና ወልድያን ካዳረሰ በኋላ የመስክ ጥናት ቀላል ሥራ አይደለም። ይሁንና በየበጋው ለተፋሰስ ልማት ሕዝቡ ወጥቶ በየተራራው እርከን ይሠራል፤ ማንም አርኪዮሎጂስት የማይችለውን ያህል አፈር ይገለበጣል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በቁፋሮ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እንዲጠብቅ ያዛል። አዋጁን የግብርና ባለሙያው ያውቀዋል ብዬ አልገምትም። የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ከሚቀጥለው የእርከን ዘመቻ በፊት ለየቀበሌው የልማት ሠራተኛ የአንድ ቀን ሥልጠና ይስጡ፤ የሸክላ ስባሪ፣ የከሰል ንጣፍና የተጠረበ ድንጋይ ምን እንደሚመስል ያሳዩ፤ ቦታው ሳይነካ የሚመዘገብበትንም ቅጽ ያድሉ።