ከዘፋኙ በስተጀርባ የቆሙት፤ ስለ ቀድሞ የሙዚቃ ባንዶቻችን
ባለፈው ዓመት በሥራ ምክንያት ወደ አዳማ ወርጄ ሳለሁ፥ መምህር የሆነ አንድ ወዳጄ ተማሪዎቹ ባዘጋጁት የጥያቄና መልስ ምሽት ላይ እንድገኝ ጋበዘኝ። የምሽቱ አርእስት የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የሮክ ሙዚቃ ባንዶች ነበረ። (ከአሕዛብ ሙዚቃ ጋር ለማነጻጸር እንዲመች፥ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር አስቀምጣለሁ።) ልጆቹ የሚጠያየቁት ነገር እጅግ የረቀቀ ነው። ሪንጎ ስታር ወደ ቢትልስ ከመግባቱ አስቀድሞ በቦታው ሆኖ ድራም ይመታ የነበረው ማን ነው? ሌድ ዜፕሊን በየትኛው ዓመት ተበተነ፥ ስለ ምንስ ተበተነ? ፒንክ ፍሎይድ የጨረቃን ጨለማ ገጽ በአርእስቱ የያዘውን ሸክላ ያወጣው መቼ ነው? መልሱን ከጠያቂው አፍ እየነጠቁ ተናገሩ፤ ፒት ቤስት፤ በ1980፥ ድራም መቺው ጆን ቦናም ስለ ሞተ፤ በ1973። በዕድሜ አባታቸው የምሆን ሰው ከሦስቱ አንዱን እንኳ በእርግጠኝነት ለመመለስ አልችልም ነበርና አፌን ዘግቼ አዳመጥሁ።

ቀጥሎ መምህሩ፥ ምናልባትም ለእንግዳው አዝኖ ይሆናል፥ ወደ አገር ቤት ቀረብ የሚል ጥያቄ አቀረበ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 በካይፋ ሸክላ ያስቀረጹትን «ኧረ መላ መላ» ያጀበው ባንድ ማን ይባላል? አዳራሹ ጸጥ አለ። የሊቨርፑልን ጐዳና በስሙ የሚያውቀው ልጅ ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔም ጊዜዬ ደረሰ ብዬ ተነሥቼ «ሮሃ ባንድ» ስል በድፍረት መለስሁ። ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ገና ሳይበርድ ግን ከኋላው ረድፍ አንድ አዛውንት፥ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ ላይ የፈጸሙ ሰው መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ፥ እጃቸውን አነሡና «ልጄ፥ ያን ጊዜ ሮሃ የሚባል የለም፤ አይቤክስ ነው። ሮሃ የተባሉት ኋላ ነው» አሉኝ። እውነቱ የእርሳቸው ነበር። እኔም በብዙ ዐይን ፊት ዐፍሬ ተቀመጥሁ።

ይህን ያነሣሁት ስለ ዕፍረቴ ለመናገር አይደለም። ሌሊቱን ሳሰላስል ያደርሁበት ነገር ግን ሊጻፍ የሚገባው መስሎ ታይቶኛል። ከእኛ መካከል ብዙዎች፥ እኔንም ጭምር፥ እንደዚህ ያለውን ጥቃቅን ዕውቀት የሥራ ፈት ጨዋታ አድርገን እንቈጥረዋለን። የሐያሲ ተግባር ስለ ሙዚቃው ውበትና ስለ ስሜቱ መናገር ነው፤ ማን ጊታር ያዘ፥ ማን ድራም መታ የሚለው ዝርዝር ለመዝገብ ጸሐፊ ይተው እንላለን። ነገር ግን ማን እንደ ተጫወተ የማያውቅ ሰው ምን እንደ ተጫወቱ በትክክል ሊናገር አይችልም። የእኔው ስሕተት ለዚህ ምስክር ነው። አይቤክስና ሮሃ በብዙው ያው ሰዎች ቢሆኑም፥ በሁለቱ ስሞች መካከል አንድ ዘመን ተለውጧል። አይቤክስ የሸክላና የሌሊት ክበብ ዘመን ልጅ ነው፤ ሮሃ በ1980ዎቹ፥ ሸክላ ቀርቶ ካሴት በነገሠበት ጊዜ፥ ለዘፋኙ ሁሉ ሲያጅብ የኖረ የካሴት ዘመን ባንድ ነው። ስለዚህ «ኧረ መላ መላ»ን ለሮሃ የሰጠ ሰው በስም ብቻ አልተሳሳተም፤ ጆሮውም ተሳስቷል።

እስቲ ያንን ሸክላ እንደ ገና እናዳምጠው። ሁልጊዜ ስለ ማሕሙድ ድምፅ መንቀጥቀጥ እንናገራለን፤ መናገራችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ድምፁ ይህን ያህል እንዲንቀጠቀጥ ነጻነት የሰጠው ከሥሩ ያለው የማይንቀጠቀጥ ነገር ነው። ቤዝ ጊታሩ አንዲቱን ሐረግ ሳይታክት እየዞረ ይመላለስባታል፤ ሳክስፎኖቹ ዘፋኙ ትንፋሽ በወሰደ ቍጥር እንደ ተቀባይ ሕዝብ ይመልሱለታል፤ ድራሙ አይቸኵልም። በገጠሩ ዘፈናችን አውጪና ተቀባይ የሚባለው ሥርዐት ነው፥ መሣሪያው ብቻ ተለወጠ። ከባንዱ መሥራቾች መካከል ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮና ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም ይገኙበታል። ሰላም ሥዩም በ1988 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ከ1896 እስከ 1974 ስለ ነበረው የዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥና እድገት ጻፉ። ጊታሩን ራሱ የተጫወተ ሰው ታሪኩንም ራሱ ሲጽፍ ማየት በየትኛውም አገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልማዳችንን የሚያጋልጠው ግን ዘፋኝ የሌለበት ሸክላ ነው። ዋልያስ ባንድ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጣ። በውስጡ «ሙዚቃዊ ስልት» አለ፤ ያቀናበሩት ግርማ በየነ ናቸው፤ ኦርጋኑን የሚጫወቱት ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ዛሬ ይህ ዜማ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ባንዶች ሳይቀሩ የሚጫወቱት ሆኗል። በእኛ ዘንድ ግን ከሬዲዮ በሚሰማበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የዜና መግቢያ፥ ወይም የሁለት ንግግር መሸጋገሪያ ሆኖ ያልፋል፤ ስምም አይጠራለትም። ዘፋኝ ከሌለ የምንጠራው ሰው የለንምና! መሣሪያ ብቻ ሲናገር «ክላሲካል» ብለን አንድ ስም አወጣንለትና ከዚያ በላይ አልመረመርነውም። የ«ሙዚቃዊ ስልት» ኀይል በመታገሡ ላይ ነው። ዋነኛዋ ሐረግ አጭርና ጠጣር ናት፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በአንድ አፍ ይናገሯታል፤ ይደጋግሟታል፤ ጌጥ አይጨምሩባትም። በዚያ ዘመን ሌላው ዓለም ረጅም የጊታር ብቸኛ ጨዋታ እንደ ጀግንነት በሚቈጥርበት ጊዜ፥ እነዚህ ሰዎች መደጋገምን መረጡ። እኔ ይህን የድህነት ምልክት አድርገው የተናገሩ ሰዎችን ሰምቻለሁ፤ አልስማማም። ደብተራ በጸናጽልና በከበሮ መካከል ቆሞ የሚያደርገውን ያየ ሰው ይህን አይልም።

ስለ ስማቸው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዋልያ በሰሜን ተራሮች የሚኖረው አውሬ ነው፤ አይቤክስም የዚያው ወገን የእንግሊዝኛ ስሙ ነው። እንግዲህ በአንድ ከተማ፥ በአንድ ዘመን፥ ሁለት ታላላቅ ባንዶች በአንድ ፍየል ስም ተጠሩ ማለት ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሌሎቹንም እንይ። ዳህላክ የቀይ ባሕር ደሴቶች፥ ሮሃ የላሊበላ የቀድሞ ስም። ከእነርሱ በፊት የነበሩት የሙዚቃ ጓዶች ግን የተጠሩት በመሥሪያ ቤታቸው ነው፤ የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊት፥ የፖሊስ፥ የማዘጋጃ ቤት። ልዩነቱ ከስም ያልፋል።

እንደሚታወቀው ዘመናዊው የትንፋሽ ሙዚቃ በአገራችን የተደላደለው አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ከደረሱ በኋላ ነው። ቀጥሎ የዘመዳቸው የኔርሰስ ናልባንዲያን የማስተማር ሥራ አለ። ከዚያ ወዲህ ሙዚቀኛ ማለት ባለ ማዕርግ ወታደር ወይም ባለ ደመወዝ ሠራተኛ ነበረ። ወታደር በግል ስሙ አይዋጋም፤ በክፍለ ጦሩ ስም ነው እንጂ። ሙዚቀኛውም እንዲሁ በጓዱ ስም ተዋጠ፤ የታወቀው ፊት ለፊት የቆመው ዘፋኝ ብቻ ሆነ። ይህ ልማድ በኋላ የግል ባንዶች ሲቋቋሙ፥ ሸክላውንም አምሐ እሸቴ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ብቸኛ መብት ተጋፍተው በ1969 ማሳተም ሲጀምሩ፥ አብሮ ተሻገረ። የመጀመሪያው የአምሐ ሸክላ ዘፋኝ ዓለማየሁ እሸቴ መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ትራምፔት የነፋውን ግን ማን ጠየቀ?

ይህ ጕድለት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ የሞታውን ኩባንያ ሸክላዎች ዓለምን ሲያስጨፍሩ፥ ያንን ሙዚቃ ሁሉ የሚጫወቱት ፈንክ ብራዘርስ የተባሉት ሰዎች ስማቸው በሸክላው ክዳን ላይ አልተጻፈም ነበር፤ የቤዝ ተጫዋቹ የጀምስ ጀመርሰን ስም በጉልህ የወጣው በ1971 በማርቪን ጌይ ሸክላ ላይ ነው። በሎስ አንጀለስም ቢሆን ዘ በርድስ የተባለው ባንድ በ1965 ባወጣው የመጀመሪያ ዝነኛ ሸክላ ላይ ከባንዱ አባላት መካከል መሣሪያ የተጫወተው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ቅጥር ሙዚቀኞች ነበሩ። ቢትልስ እንኳ በ1969 የኦርጋን ተጫዋቹን የቢሊ ፕሬስተንን ስም ከራሳቸው ስም አጠገብ በሸክላ ላይ ሲያጽፉ እንደ ትልቅ ነገር ተቈጠረ። እነዚህን ሁሉ ከመረሳት ያወጧቸው ታላላቅ ሐያስያን ብቻ አይደሉም። በአዳማው ምሽት እንዳየኋቸው ልጆች ያሉ፥ በየጥቃቅኑ የሚከራከሩ ወዳጆች ናቸው።

ወደ ስምጥ ሸለቆው ልመለስ። የዚያን ዘመን ሙዚቃ ታሪክ የሚጽፉ ሁሉ የአዲስ አበባን ሌሊት ብቻ ይጽፋሉ፤ ራስ ሆቴል፥ ግዮን፥ ሂልተን። መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያ ኦርጋንና ያ ኤሌክትሪክ ጊታር ይናገር የነበረው በማን ኀይል ነው? በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ፥ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራውና ወደ 43 ሺህ ኪሎ ዋት የሚያመነጨው፥ ከአዳማ ጥቂት ርቆ በአዋሽ ላይ ነው። በ1966ና በ1971 ከእርሱ በታች ያሉት ሁለት ጣቢያዎች ተጨመሩ። የክበቦቹ መብራትና የድምፅ ማጉያቸው ከአዋሽ ውሃ የመጣ ነበረ ቢባል ግጥም አይሆንም፤ የመብራት ሒሳብ ነው። ሸክላውም ቢሆን ከዋና ከተማው ሲወጣ በዚሁ መንገድና በዚሁ ባቡር ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 ያወጡትን ካሴት «ወደ ሐረር ጉዞ» ሲሉ የሰየሙት፥ ሞጆንና አዳማን አቋርጦ ወደ አዋሽ የሚወርደውን መንገድ በስሙ ይዟል። በሌላው ቅርንጫፍ ሻሸመኔ አለች፤ ቦብ ማርሌ በ1978 መጥቶ ያያት፤ የእርሷ ነገር ግን የሬጌ ነገር ስለ ሆነ ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል።

ዓሊ ቢራን ግን ሳላነሣ ለማለፍ አልችልም። በድሬ ዳዋ ተወልደው፥ ገና ልጅ ሳሉ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አፍራን ቀሎ ከተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ጓድ ጋር ዘፈኑ፤ «ቢራ» የሚለውንም ስም ያተረፉት በመጀመሪያው ዘፈናቸው ነው። በኋላ በክብር ዘበኛ ጓድ ውስጥ አገለገሉ። ዑድም፥ ጊታርም ይጫወቱ ነበር። በኅዳር ወር 2022 ዐረፉ፤ ያረፉትም በአዳማ ሆስፒታል ነው። ስለ ወርቃማው ዘመን በተጻፉት ጽሑፎች ውስጥ የአፍራን ቀሎ ስም በግርጌ እንኳ የሚገኘው ስንት ጊዜ ነው? ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ባሳተሙት «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ብዙ የተረሳ ሸክላ ተርፎልናል፤ የተጫዋቾቹንም ስም ብዙዎቻችን ያነበብነው ከዚያው ክዳን ላይ ነው። ምስጋናችን እውነተኛ መሆን አለበት። ነገር ግን የጐረቤታችንን ስም ከፓሪስ በመጣ ወረቀት ላይ ማንበባችን ሊከነክነን ይገባል። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ ኃይሉ መርጊያና ግርማ በየነ እዚያው ቀሩ። አንደኛው በዋሽንግተን ታክሲ ነዱ፥ ሁለተኛው በነዳጅ ማደያ ሠሩ። የኃይሉ የ1985 ካሴት በ2013 በአሜሪካ እንደ ገና ታትሞ ወደ መድረክ መለሳቸው፤ ግርማም በ2017 ከፈረንሳዮች ባንድ ጋር አዲስ ሥራ አወጡ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ዜማቸው እዚህ በየቡና ቤቱ ሲሰማ ኖሯል።

በማግስቱ ከአዳማ ከመመለሴ በፊት መምህሩ ለሚቀጥለው ምሽት የሚሆኑ ጥያቄዎች እንድጽፍለት ለመነኝ፤ ስለ ኦርጋኑ፥ ስለ ፍየሉ፥ ስለ መመረቂያው ጽሑፍ ሰባት ያህል ጻፍሁለት። እዚያው ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ አዛውንቱ ተቀምጠው ነበርና ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «ሁሉም ደኅና ነው» አሉ፤ «ስለ ዓሊ የሚጠየቀው ግን በኦሮምኛ ይጠየቅ።» መምህሩ እርሳስ አወጣና ከጎኑ ጻፈበት።