«በረጅም ሩጫ»

አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በኢኮኖሚክስ ፈተና ወረቀቱ ላይ «ኢን ዘ ሎንግ ራን» ከሚለው ሐረግ ጐን «በረጅም ሩጫ» ብሎ ጽፎ አየን። ሳቅን። ኋላ ግን መሳቃችን አሳፈረን። ልጁ የመለሰልን ያስተማርነውን ነውና። ገና ትንሽ ሳለ «ራን ማለት ሮጠ ነው» ብለን ሰሌዳ ላይ የጻፍንለት እኛው መምህራን ነን። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ባሸነፈለት አገር ያደገ ልጅ ረጅም ሩጫ ቢል ምን ይፈረድበታል?

ነቀፋችን በየትምህርት ቤቱ እየተባዛ በሚታደለው የቃላት ዝርዝር ላይ ነው። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ፣ በመካከል የእኩል ምልክት። ይህ ምልክት ለእርሳስና ለወንበር ይበቃል፤ ለ«ራን» ግን ከቶ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የኦክስፎርድ ታላቅ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ረጅሙን ሐተታ የያዘው «ሴት» የተባለው ግስ ነበር (በፊደላችን ሲጻፍ ሌላ ነገር መምሰሉን አንባቢ ይታገሠን)። ከዚያ ወዲህ በተደረገው እርማት «ራን» ቀደመው፤ ለግሱ ብቻ 645 ትርጉም ተቆጠረለት።

ነገሩ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍን ነበር። በአገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። በሒሳብ የቀጥታ መሥመርን ተዳፋት ሲያሰሉ «ራይዝ ኦቨር ራን» ይባላሉ፤ እዚህ ላይ «ራን» አግድም ርቀት ነው። በጂኦግራፊ «ራን ኦፍ» ማለት መሬት ሳይመጠው በላዩ የሚፈስ የዝናብ ውሃ ነው። በፊዚክስ ደግሞ ሞተሩ ከቆመበት ሳይነቃነቅ «ራን» ያደርጋል። ሒሳቡን የሚችል ልጅ በአንዲት ቃል ይወድቃል ማለት ነው።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን ይህን አይተው ሃያ ትርጉም በአንድ ቀን ያስጽፋሉ። ይህ ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ነው፤ ደብተሩ ይሞላል፣ ልጁ ባዶውን ይሄዳል።

እኛ በማሠልጠኛው ከእጩ መምህራን ጋር የሞከርነው ከአማርኛው መነሣትን ነው። ልጁ እንጀራ በላ፤ ገንዘብ ያዡ የመንግሥት ገንዘብ በላ፤ ጀርባዬን በላኝ። ጀርባውን ጥርስ ያለው ነገር የነከሰው የሚመስለው ሕፃን የለም። «እንዴት አወቃችሁ?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ከራሳቸው መጣ፦ የበላው ማን ነው፣ የተበላውስ ምንድን ነው? ያንኑ ጥያቄ ወደ እንግሊዝኛው አሻገርነው። ወንዙ፣ አውቶቡሱ፣ አፍንጫው «ራን» ሲያደርግ እያንዳንዱ ምን ይሆናል? «እኅቷ ሱቅ ትሮጣለች» ብሎ የነበረ አንድ እጩ ጥቂት አሰበና «ታስተዳድራለች» አለ። ማንም አልነገረው።

በ40 ደቂቃ፣ በተጨናነቀ ክፍል ይህ ይቻላል ወይ የሚሉን አሉ። በየቀኑ አይቻልም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቃል፣ ያውም ልጆቹ በዚያው ሳምንት በሒሳቡ ወይም በጂኦግራፊው መጽሐፍ ያገኙትን፣ ከሦስት ዓረፍተ ነገር ጋር መውሰድ ይሻላል እንላለን። ለዚህም የእንግሊዝኛው መምህር የሒሳቡን መምህር «በዚህ ሳምንት ምን ታስተምራለህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ በብዙ መምህራን ክፍል ውስጥ ያልሰማነው ጥያቄ ይህ ነው።

ያ ተማሪ ለጥያቄው ዜሮ ተሰጠው። ዝርዝሩ ግን ዘንድሮም ተባዝቶ ታድሏል።