መዝገቡ ሲታመን፣ መዝገቡ ሲጎድል

ካታሎግ የመጻሕፍት ስም ዝርዝር ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ያሳተመውን የግእዝ ብራናዎች ካታሎግ ያገላበጠ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

ራይት በ1830 ሕንድ ውስጥ ተወልዶ በስኮትላንድና በጀርመን የተማረ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ነው። ዐረብኛ ካስተማረ በኋላ በ1861 በብሪቲሽ ሙዚየም የብራና ክፍል ሥራ ጀመረ፤ የሱርስት ብራናዎችንም በ3 ቅጽ መዘገበ። በ1870 ወደ ካምብሪጅ በፕሮፌሰርነት ቢሄድም የግእዙን ሥራ ከፍጻሜ አደረሰ።

አብዛኞቹ ብራናዎች ለንደን የደረሱት በዘረፋ ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ካሰባሰቧቸው መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉት ሙዚየሙ ገቡ።

የራይት ብርታት ትዕግሥቱ ነው። የብራናውን መጠን ለካ፤ ቅጠሉን ቆጠረ፤ ዓምዱንና መስመሩን አየ፤ ዘመን ያልተጻፈበትን ከእጅ ጽሕፈቱ ገመተ። በመጽሐፉ ጫፍ የሰፈረውን የባለቤትና የሰጪ ስም እንኳ አልናቀም።

ጉድለቱም አለ። ብራናዎቹን የመደባቸው በይዘታቸው ነው፤ ወንጌል ከወንጌል፣ ገድል ከገድል፣ ታሪክ ከታሪክ ጋር። ለተመራማሪ ይመቻል። ነገር ግን በአንድ አምባ ላይ የተሰበሰበው ቤተ መጻሕፍት ከሌላ ስፍራ ከመጡት ጋር ተደባልቆ መልኩን አጣ። አንባቢው እያንዳንዱን መጽሐፍ ያውቃል፤ ቤታቸውን ግን አያይም።

ደግነቱ ራይት ትንሿን ነገር አለመናቁ ራሱ ያጎደለውን ለመሙላት ረዳ። ሪታ ፓንክረስት በ1973 ስለ ቴዎድሮስ ቤተ መጻሕፍት ባሳተሙት ጥናት የተበተነውን መልሰው ለማየት የቻሉት እንዲህ ያለ መዝገብ ስለነበረ ነው።

ስም መያዝ ዋጋ አለው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ክብረ ነገሥትን በስሙ ጠርተው ጠየቁ፤ አንድ ቅጂም ተመለሰላቸው። የቀሩት ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸው።

ስለዚህ መዝገብ ስታነብቡ ሁለት ጥያቄ ይኑራችሁ፦ የጻፈው እውነት ነው? ዕቃው ከማን ቤት እንደ መጣስ ይነግረናል? ራይት የመጀመሪያውን በሚገባ ያልፋል። በሁለተኛው ግን ቁርጥራጩን ትቶልን፣ መገጣጠሙን ለእኛ አስቀርቶታል።