ጥንድ ድንጋይ

በቅርቡ ከእኛ ጋር መስክ የወጣ አንድ ወጣት ቀያሽ የጂፒኤስ ድንጋዮቼን አይቶ ሳቀ። በእያንዳንዳቸው ላይ በማርከር 1ሀ፣ 1ለ፣ 2ሀ፣ 2ለ ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ሁሉንም አንድ ፌስታል ውስጥ ቢጨምሯቸው ምን ይሆናሉ?» አለኝ።

ምን እንደሚሆኑማ አፋር ላይ አይቼዋለሁ። አንድ ሌሊት ጀነሬተሩ ሊጠፋ ሲል ቸኩዬ ድንጋዮቹን ከቻርጀሩ አራግፌ እንዲሁ ቀላቀልኳቸው። በማግስቱ ከምሳ በፊት ሦስት ጥንድ ቀየርኩ። ሦስቱም ሞቱብኝ፤ ቀሪውን ነጥብ ሳንወስድ ወደ ካምፕ ተመለስን።

ሁለት ድንጋይ የሚጎርስ ጂፒኤስ ውስጥ አንዱ ከሌላው ጀርባ ስለሚሰለፍ፣ በአንዱ ያለፈው ከረንት በሌላውም ማለፉ ግድ ነው። አንዱ የደከመ ከሆነ ቀድሞ ባዶ ይሆናል። ጉልበት የቀረው ጓደኛው ግን መግፋቱን ስለማይተው ባዶውን ከዜሮ በታች ይነዳዋል፤ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ይገለባበጣሉ። እንዲህ የተገለበጠ ድንጋይ ደጋግሞ ከደረሰበት ቻርጅ መያዝ ያቅተዋል። ወይፈን ከሽማግሌ በሬ ጋር ተጠምዶ ማረስ ይለምዳል፤ ድንጋይ ግን ከጓደኛው የሚማረው ነገር የለም። አብረው የተገዙ አብረው ይሞሉ፣ አብረው ይሥሩ፣ ሲሞቱም አብረው ይጣሉ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ጥንዱን ተወው፤ ዋናው ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ ቻርጅ አለማድረግ ነው» እያለ ዓመታት ተከራክሮኛል። ያ የኒኬል ካድሚየም ዘመን ምክር ነው። የቅየሳ መሣሪያችንን የቶታል ስቴሽኑን ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ ሙልጭ እስኪል መጠቀም ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልቶ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ ግን በጭራሽ።

ሌላም አለ። የሚሞላው ድንጋይ 1.2 ቮልት፣ አልካላይኑ 1.5 ቮልት ነው። ጂፒኤሱ ላይ የድንጋዩን ዓይነት ካልቀየርክለት ገና ብዙ የቀረውን «አለቀ» ይልሃል። በዚህ ሰበብ ደህና ድንጋይ ሲጣል አይቻለሁ።

ይህን ድንጋይ በጥንድ የመያዝ አመል ያወረሰኝ አባቴ ሳይሆን አይቀርም። የእጅ ባትሪው ሲደክም ድንጋዮቹን አውጥቶ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ያሞቃቸው ነበር። ሙቀቱ የቀረችውን ያነቃል እንጂ አይሞላም፤ ቢሆንም ለአንድ ማታ ታበራ ነበር። ለባትሪው ጨርሶ እንቢ ሲሉ ትንሽ ለሚበቃው ሬዲዮ ያዛውራቸዋል። ያን ጊዜም ሁለቱን በላስቲክ አስሮ እንጂ ለየብቻ አያስቀምጣቸውም። ቮልት የሚለውን ቃል ሰምቶት አያውቅም። እኔ ያንን ላስቲክ ስፈታ ተይዤ የተቆነጠጥኩት ጆሮዬን ነው።

ያን የሳቀብኝን ወጣት ቀያሽ ማርከር ሰጥቼው ጥንድ 7ን ራሱ እንዲጽፍ አደረግሁት። ጥንድ 1 ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ዛሬም መስክ ይወጣል።